የሬይስ ሀምዛዊ ክምር

የቆፋሪዎች አለቃ ሬይስ በዳዊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠራተኞቹን ያሰለቸባት አንዲት ትእዛዝ አለችው፤ እስከ ዓለቱ ያልተፈተሸ መሬት ላይ የቁፋሮ አፈር አይደፋም። ይህን ለማያውቅ ሰው በቆፋሪዎቹ መንደር በቅፍጥ ዘንቢል የሚያስጨብጠው የለም። በዳዊ የተማረው ከአባቱ ከሟቹ ሬይስ ሀምዛዊ ነው፤ ስማቸውን ሳያነሳ የሚውልበት ቀን የለም።

የጥንት መቃብሮች የሚፈለጉበት ሸለቆ ጥናት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተቆጣጣሪዋ ነጋት ከገደሉ ሥር ያለውን የድንጋይ ክምር ካርታዋ ላይ «የተፈጥሮ ናዳ፣ ባዶ» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች። በዳዊ ደነገጠ። ናዳ አይደለማ! ጠጠሩ እኩል እኩል ነው፣ በዘንቢል የተደፋ። ልጅ ሆኖ ምሳ ሲያደርስ አባቱ ሲያስደፉት አይቷል። ሥሩ ሲፈተሽ ግን አላየም።

ነጋት ከጻፈች ቦታው የአውቶቡስ ማቆሚያ ይሆናል፤ ከሥሩ መቃብር ካለም አስፋልት ይለብሳል። ዝም ቢል ደግሞ የአባቱ ስም እንደተከበረ ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት በጣም አማረው።

«አትጻፊው ልጄ» አላት። «አባቴ ያስደፋው ነው። ሥሩን አልፈተሸውም።»

ሠራተኞቹ ቀና አሉ። ምላሰኛው ኸለፍ መቼ ያልፋታል።

«እኛ አንዲት ዘንቢል ያለ ቦታዋ ስንደፋ ስድቡ ቀኑን ሙሉ ነው» አለ። «ለካ ነገሩ ከቤት ኖሯል።»

«ስቀህ ስትጨርስ ዘንቢልህን አንሳ» አለው በዳዊ። «ሥሩን እንፈትሻለን።»

ነጋት ጊዜ የለም ብላ ብትከራከርም እስከ ነገ ቀትር ሰጠችው። በዳዊ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ ቋጥሮ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ከሁሉም ፊት ቆሞ አካፋ ያዘ። እፍረቱ ያቃጥለው ነበር፤ እጁ ግን አልቆመም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዓለቱ ወጣ። ልሙጥ ነው፤ ደረጃም የተፈለፈለ በርም የለውም። ጥጉ ላይ ግን አፉ በሰም የታሸገ ጠርሙስ ተቀምጧል። በውስጡ ከነበረው ወረቀት ግርጌ የአባቱ ማኅተም አለ።

በዳዊ አነበበውና እዚያው ዓለቱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወረቀቱን ለኸለፍ ዘረጋለት።

«ጮክ ብለህ አንብብ። ትናንት የሰማ ሁሉ ይስማ።»

ኸለፍ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልቀለደም።

«እስከ ዓለቱ ተፈትሿል። ባዶ ነው። ከኔ በኋላ የተጠራጠረ ሬይስ ካለ፣ ደግ አደረገ።»

በዳዊ የነጋትን እስክሪብቶ ተቀብሎ ከማኅተሙ ሥር «ልጁም ፈትሿል» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ከነጠርሙሱ ቦታው መለሰና ክምሩን መልሰው እንዲደፉ ዘንቢል አንሱ አላቸው።