ሐሚዳ ለጉድጓድ የመረጠቻት መተንፈሻ

ሐሚዳ እጇ የገባ ዕቃ ሳይፈታ አያድርም። አቦከር ሰፈር ውስጥ የጋዝ ምድጃ ትጠግናለች፤ ባሏ ጀይላን ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ጠራጊ ነው። ሰው ስለ ሥራው ሲጠይቀው ወላሂ የእሷን ነው የሚያወራው።

ባለፈው ወር ድሬ ጠያራ በሚባል ገጠር ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ፣ ራሱን ስቶ በገመድ ተጎትቶ ነው የወጣው። ክፉ አየር መኖሩን ለማወቅ እንደ ወጉ አስቀድሞ ኩራዝ አውርዶ አይቷል፤ ኩራዙም አልጠፋም። ክፉው አየር የመጣው ደለሉን መዛቅ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሚዳ እንቅልፍ አጣች። ጅቡቲ ወደብ ጠላቂ ዋናተኛ ለሆነው ለአጎቷ ልጅ ለበድሪ ደወለች። እሱም አንድ ትንሽ የአየር ሲሊንደርና ለምርጫ ሁለት ሬጉሌተር ይዞ መጣ። ሬጉሌተሯ በጥርስ ተነክሳ አየሩን እየመጠነች የምትሰጥ ናት። ሲሊንደሩም ሬጉሌተሮቹም ትንንሽ ስለሆኑ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አያደናቅፉም።

አንደኛዋ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ ናት። ሌላዋ ጥቁር፣ የተፋፋቀች።

«ይቺን ነዋ!» አለ ጀይላን አብረቅራቂዋን ብድግ አድርጎ። ከሰዓት ነውና ጉንጩን በጫት ወጥሮታል። እፍ አለባትና ሳበ። «ማሻአላህ! አየሯ ሲጥም!»

«ጥቁሯንስ?» አለች ሐሚዳ።

እሷንም እፍ ብሎ ሳበ። «ይቺም ትሰጣለች።»

«ሲሊንደሩን እኮ አልከፈትኩትም።»

ጀይላን ጥቁሯን ከአፉ አወጣት።

«ተዘግቶ ስትስብ ምንም ሊመጣልህ አይገባም» አለች። «የሳብከው የግቢውን አየር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ቢሆን ያንኑ ገዳዩን ነበር የምትስበው።»

የጥቁሯን ክዳን በባዶ እጇ አዙራ ከፈተች። ትንፋሽ በሚወጣበት ስስ ላስቲክ ሥር፣ እፍ ሲል የገባ የታኘከ የጫት ቅጠል ተወትፎ ላስቲኩ እንዳይገጥም አድርጓል። በጥፍሯ አውጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። አብረቅራቂዋን ለመክፈት ግን ልዩ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ታገለቻት፣ እምቢ አለች።

«እኔ እንኳ ይህን አላሰብኩም» አለ በድሪ፤ «ባሕር ውስጥ ማን ቅሞ ይገባል?»

የጥቁሯን ክዳን መልሳ ገጥማ፣ ጀይላንን አፉን አጉመጥምጣ እንደገና አስሳበችው። ምንም የለም። ሲሊንደሩን ከፈተች፤ አየሩ መጣ። ጭቃ የነካው ጓንት አስለብሳ አየር የምትለቀውን አዝራሯን አስጫነችው፣ ጎንበስ አድርጋ አስተነፈሰችው። ኧረ ይቺ ሴት! ጀይላን ዓይኑን ከእጆቿ ላይ መንቀል አቃተው።

«ጥቁሯ ናት፤ በእጅ ተከፍታ ትጸዳለች። ከእንግዲህ ግን ስትገባ አፍህ ባዶ ይሁን።»

«ያለ ጫትማ እጄ አይሠራልኝም!»

«እጅህ ይቅርብኝ፤ አንተ ኑርልኝ።»

በሳምንቱ ድሬ ጠያራ የሐጂ ሙክታርን ጉድጓድ ሊጠርግ ሲሄድ ተከተለችው። ገመድ በያዙት ገበሬዎች ፊት፣ «አፍህን ክፈት» አለችው።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም!» አሉ ሐጂ ሙክታር።

ጀይላን በኀፍረት ቀላ። ቢሆንም ጫቱን ተፋ፣ ተጉመጠመጠ፣ አፉን ከፍቶ አሳያት፤ ሲሊንደሩን ታጥቆ፣ ጥቁሯን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ቢስሚላህ ብሎ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ አካፋው ደለሉን ሲበሳው ጭቃው ተንፈቀፈቀ። አጠገቡ የነበረው ኩራዝ ጠፋ፤ ትንፋሽ አጠረው። ደረቱን ዳበሰ፣ ጥቁሯን ነከሳት፣ አዝራሯን ተጫነ። ንጹሕ አየር! ያ አላህ! አውጡኝ ሲል ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተተ።

ሣሩ ላይ ሲያስተኙት ሬጉሌተሯን ግጥም አድርጎ እንደ ነከሳት ነው። ሐሚዳ በጉልበቷ ተንበርክካ ከጥርሱ አላቀቀቻት።

«ጀይላን! ተናገር እንጂ!»

 አፉን በሰፊው ከፍቶ አሳያት። ባዶ ነበር። ሐጂ ሙክታር ጉንጫቸው ውስጥ ያለውን ጫት ወደ ጎን ዞረው ተፉት፤ ሐሚዳም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።