የጋሼ ፀጥታ መድኃኒት

የሰፈሩ የቤተሰብ ሐኪም ይሉኝታ ይዟት እንጂ ደንቡ ጠፍቷት አልነበረም። የቲቢ ታካሚ ኪኒኑን በየቀኑ ፊቷ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ያሳያታል፣ እሷም ካርዱ ላይ ትፈርማለች። ከሌላው ታካሚ ጋር አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም። ጋሼ ፀጥታ ላይ ስትደርስ ግን አንደበቷ ተያዘ። ሦስተኛ ክፍል ማባዛት ያስተማሯትን፣ ጠረጴዛ መታ አድርገው «ፀጥታ!» ሲሉ ዝንቡ ሳይቀር ዝም የሚልላቸውን ሰው «እስቲ ምላስዎን ያንሱ» ብሎ ማዘዝ እንዴት ይሆናል?

«ጋሼ፣ የሳምንቱን ይዘው ይሂዱ። እርስዎን አልቆጣጠርም» አለቻቸው።

«በስተርጅና የቤት ሥራ ሰጠሽኝ በያ» ብለው ሳቁ።

ሰኞ ሰኞ ባዶውን ማሸጊያ ያመጡላታል፣ እሷም የሰባቱን ቀን ባንዴ ትፈርማለች። አብሮ የሚኖር ሰው ሁሉ መመርመር ነበረበት። ስለ ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው። «ደህና ናት፤ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ስፌት በዝቶባት ነው» አሏት። ባለቤታቸው ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ቤቱ ከክሊኒኩ ሁለት መታጠፊያ ቢሆን ነው፤ ሆኖም ጋሼን የማላምን እንዳይመስል ብላ አልሄደችም።

በአምስተኛው ወር የአክታቸው ውጤት መጣ። ቲቢው አልጠፋም። ኪሏቸውም ቀንሷል። በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን ይውጣሉ?»

ጫማቸውን አዩ። «ግማሹን።»

«የቀረውስ?»

«እሷም ማሳል ጀመረች። እንሂድ ብላት ‹ከተሰማ ማን ልጁን ለልክ ያመጣልኛል?› ብላ አለቀሰች። አርባ ዓመት አንዱን ዳቦ ለሁለት ቆርሰን ነው የኖርነው። ኪኒኑንም ቆረስነው።»

ሐኪሟ ክው አለች። ለሁለት የተከፈለ ኪኒን ለአንዱም እንደማይበቃ፣ ይባስ ብሎ ቲቢው መድኃኒቱን እንደሚላመድ ለመንገደኛው ሁሉ ስትለፍፍ ኖራለች። ለሳቸው ግን አልነገረችም፤ ጋሼ ምን ይነገራቸዋል?

ያኔውኑ ቤታቸው ሮጠች። ባለቤታቸው የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለው እጅጌ ይገጥማሉ። ትከሻቸው በቀሚሱ ውስጥ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«መጣሽብኝ?» አሏት፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው።

በዚያው ቀን ባለቤታቸውን ሆስፒታል አስገባቻቸው። ቲቢው መድኃኒቱን ተላምዶ ነበር። በየቀኑ እየሄደች ትንሽ ይብሉ፣ ትንሽ ይጠጡ እያለች ለመነቻቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የደበቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው? ደንቡን እያወቀች ሄዳ ሳታይ የተወችው ሐኪምስ? አክብሮት መስሏት ነበር። እንዲህ ያለ አክብሮት አፈር ይብላ።

ጋሼ ፀጥታ አዲስና ጠንካራ ሕክምና ጀመሩ። በመጀመሪያው ጠዋት ሐኪሟ ውሃውን በብርጭቆ አቀረበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ዋጡ። ሳይጠየቁ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አነሱ። ልታይ ብትሞክር ዓይኗ እንባ ሞልቶ ምንም አልታያት አለ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ከእንግዲህ በየቀኑ ማየት አለብኝ።»

«እይ ልጄ» አሉ። «ግን አትስጊ። አሁን የማካፍላት የለችም።»