ፊኛው እስኪሞላ

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ ሽንት መያዝ የለመዱ ሰው ነበሩ። «የሹፌር ፊኛ ከጎማ ነው የተሠራው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ቀልዱም ቀረ። መጸዳጃ ቤት ይገቡና በሩን ቆልፈው ይቆያሉ፤ ውሃ ደጋግመው ሲደፉ ይሰማል። አንድ ጠዋት አብራቸው የምትኖረው አስተማሪዋ ልጃቸው ከኋላቸው ስትገባ መቀመጫው ጠርዝ ላይ የደም ጠብታ አየች። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ አልትራሳውንድ አዘዘ። የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ጠርሙስ ውሃ ሰጠቻቸው።

«ይህን ጠጥተው ይጠብቁ፣ አባቴ። ሽንት ቤት እንዳይሄዱ። ፊኛው ካልሞላ ግድግዳው ተጨማድዶ ጠርቶ አይታየንም።»

«መርፌ አለው?»

«መርፌም ሕመምም የለውም። ሆድዎ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ቅባት ብቻ ነው። ከዚያ ሸንተው ይመጡና የቀረ እንዳለ ደግመን እናያለን።»

ተራው አልደርስ አለ። አግዳሚው ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ሲቀመጡ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው።

«ትንሽ ይታገሡ፣ አባባ» አለች ልጃቸው።

«ፍሬን የበጠሰ መኪና ቁልቁለት ላይ ታገሥ ይባላል እንዴ?» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ ጋር ሽንቱ አመለጣቸውና ሱሪያቸው ራሰ።

ሰዉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሉ፤ ድምፃቸው የሕፃን ነበር። ልጅቷ ሹራቧን አውልቃ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው።

ባለሙያዋ ወጥታ ክንዳቸውን ያዘች። «ስንቱ ላይ ይደርሳል፣ አባቴ! ሲብስብዎት መንገር ነበር፤ እናስቀድምዎት ነበር።» ደረቅ ሱሪ ፈልጋ አለበሰቻቸው፣ እንደገና ውሃ ሰጠቻቸው፣ ሲሞላም ወዲያው አስገባቻቸው።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ኩሬ ታየ። ጥጉ ላይ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ነገር ተለጥፏል። ስታጫውታቸው የቆየችው ባለሙያ መሣሪያውን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግማ አመላለሰች።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

«ሐኪሙ ያስረዳችኋል።»

አባትየው ስክሪኑን አላዩም፤ ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ደሙ መቼ ጀመረዎት፣ አባባ?»

«የእናትሽ ለቅሶ ላይ። እናንተ ከአንዱ ሐዘን ሳትወጡ ሌላ ልጨምርባችሁ?»

ካንሰር ነበር፤ እጢው የፊኛውን ግድግዳ አልፎ ነበር። ቀዶ ጥገናው ጥቂት ወራት ሰጣቸው እንጂ አላዳናቸውም። ሽንታቸው በቱቦ ወደ ከረጢት መውረድ ሲጀምር ልጃቸው ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ትደፋላቸው ነበር። መጀመሪያ ስትደፋ ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን ግን ጸጉሯን እየዳበሱ «እናትሽን እንዲህ አድርጌ ባስታምማት ደስ ይለኝ ነበር፤ ድንገት ሄደችብኝ እንጂ» ይሏት ነበር።

እሷም ከረጢቱን ይዛ እስክትወጣ እንባዋን ትይዝ ነበር።