የጋርዝ የመጀመሪያ ጉድጓድ

ጋርዝ የገዛው መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሩ፣ ከተሳቢው ላይ ሳይወርድ አዲስ ያቋቋመውን የቁፋሮ ድርጅት ስም በፒካፑ ግራና ቀኝ አስጽፎ፣ ስድስት ኮፍያም አሳትሞ ነበር። ሠራተኛው ግን እሱ ብቻ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የዕቃ ሱቅ ባንኮኒ ተደግፎ ብሎን ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ አሁን ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ አፈር ዓይነት ያስተምራል። ሚስቱ ሎርና ይህን ስትሰማ የምትገባበት ይጠፋታል። የአባቷን መቆፈሪያ ማሽን ይዛ የከተማውን ግማሽ መሠረት የቆፈረች ሴት ናት። ባሏ ታዲያ አንድ ቀን እንኳን እንዴት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ቪዲዮ አይቷል፤ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ከመንገዱ ማዶ ተገኘ። ጎረቤታቸው አዛውንቱ ዌንደል የፍሳሽ ማጠራቀሚያቸው አርጅቶ አዲስ ሊያስቀብሩ ፈለጉ። በከተማው ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሁሉ ዌንደልን ይሰማል። እሳቸው ጥሩ ሠራ ካሉ የበጋው ሥራ የጋርዝ ነው፤ አበላሸ ካሉ ማሽኑን መሸጥ ነው።

በዚያ አገር የተቀበሩ መስመሮችን ለሚያመለክተው መሥሪያ ቤት ሳይደውል መሬት የሚነካ የለም። ጋርዝም ደውሎ ሦስት ቀን ጠበቀ። ምልክት አድራጊው መጥቶ፣ ቢበሳ ቤት የሚያፈነዳው የጋዝ ቧንቧ በሚያልፍበት ሣር ላይ ቢጫ ቀለም ረጭቶ፣ ትንንሽ ቢጫ ባንዲራዎች ተክሎ ሄደ።

በማግስቱ ጋርዝ ከማሽኑ ጋር ፎቶ መነሳት አማረው። የዌንደል ሣር ደግሞ አድጓል፤ ፎቶ ያበላሻል። ባንዲራዎቹን ነቃቅሎ ኪሱ ከተተና ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አጨደው። ቀለሙም ከሣሩ ጋር አብሮ ታጨደ። ከዚያ ባንዲራዎቹን በግምት መልሶ ተከላቸው፤ ለፎቶው እንዲያምርም ከአጥሩ ጋር አስተካከላቸው።

ሎርና ይህን ሁሉ ከወጥ ቤቷ መስኮት አይታ እስኪያማት ሳቀች። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ነገ ዌንደል ፊት ጉዱ ይውጣ ብላ ተኛች።

ጠዋት አርፍዳ ነቃች። የሞተር ድምፅ ስትሰማ የእጅ አካፋ ይዛ እየሮጠች መንገዱን ተሻገረች። የማሽኑ ጥርስ ሣሩን ነክቶታል።

«አጥፋው» አለችው።

«ጀመረሽ ደግሞ። ባንዲራው ያውና እዚያ ነው፣ አይታይሽም?»

«ማን ተከለው?»

ጋርዝ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሚስቱ ነገር ማካበድ እንደምትወድ በረንዳቸው ላይ ቆመው ለሚያዩት ለዌንደል ያስረዳ ጀመር። ሎርና ጎንበስ አለች። ጥርሱ የነካውን ቦታ በአካፋዋ ቀስ እያለች ቆፈረች። ጉድጓዱ ጉልበቷ ድረስ ሲጠልቅ ቢጫው ቧንቧ ብቅ አለ። አፈሩን በእጇ ጠርጋ አሳየችው።

ጋርዝ ምልክት ያደረገው ሰውዬ ተሳስቷል አለ።

«ትናንት ባለቤቴን ከሐኪም ቤት ይዤ ስመለስ ሣሩ ታጭዶ አገኘሁትና መረቅሁህ» አሉ ዌንደል። «እንደገና ደውል፤ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ማሽኑ ላይ ግን ሎርና ትቀመጥ።»

የሎርና አንጀት ቅቤ ጠጣ። የቀረውን በራሷ አፍ ልትጨርሰው ወደ ባሏ ዞረች። ጋርዝ ከማሽኑ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«ትናንት። ስታጭድ ከመስኮት እያየሁህ ነበር።»

ይህን ያለችው ልታሳፍረው ነው። ዌንደል ቧንቧውን አዩት፤ ቧንቧው የሚገባበትን ቤታቸውን አዩት፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሎርና» አሉ፣ «ባለቤቴ እኮ ውስጥ ተኝታለች።»