የነገሩትን የሚያምን ካርድ

ባለ ስልሳ አራት ጊጋው ሚሞሪ ካርድ ግቢዬን የቀረጸው ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከዐሥር ቀን በፊት እንደነበረው አድርጎ ነው። ካርዱ ብልሽት የለበትም። ስህተቱ የእኔ ነው።

ካርዱ የገባበትን ባለ ካሜራ ድሮን የሰጠችኝ አዳማ የምትኖረው ልጄ መቅደላዊት ናት። አሰላ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ "አባዬ፣ እስካሁን ጎንበስ ብለህ አየኸው፤ አሁን ደግሞ ከላይ እየው" ብላ ሳጥኑን አስታቀፈችኝ። ለማብረር ፈቃድ ጠየቅኩ። ከግቢዬ አጥር ውጪ እንዳላበርር አስፈርመው ፈቀዱልኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ቦታ እንጂ ስለ ጊዜ የሚለው ነገር አልነበረም።

ድሮኑ ካርድ ስላልነበረው ኑሪያ ሱቅ ሄድኩ። ኑሪያ ገበያው አጠገብ የስልክና የካሜራ ዕቃ የምትሸጥ፣ የጠየቋትን ብቻ የምትመልስ ሴት ናት። ሦስት ካርዶች መስታወቱ ላይ ደረደረችልኝ።

"ይሄ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነው፤ ቶሎ ይሞላል እንጂ ችግር የለበትም" አለች። "ይሄኛው መቶ ሃያ ስምንት ነው። በጣም ፈጣን ነው፣ ያየውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ይይዛል።"

"መሀለኛውስ?"

"ስልሳ አራት ነው። እሱ የነገሩትን ያምናል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሌሎቹ የሚያዩትን ነው የሚይዙት። ይሄ የነገሩትን ያምናል።"

"ስንት በረራ ይይዛል?"

"በሃያ ሃያ ደቂቃ ከሆነ አራት።"

እኔ ጫማም ስገዛ፣ ምስማርም ስገዛ፣ ሐኪምም ስመርጥ መሀል ላይ ያለውን ነው የምወስደው። መሀለኛውን ወሰድኩ። ካልተስማማኝ እስከ ሦስት ቀን ድረስ እንደምትቀይርልኝ ነገረችኝ።

ቤት ስደርስ ድሮኑ ቀንና ሰዓት ጠየቀኝ። ዕለቱ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ነበርና ዓመቱን 2017፣ ወሩን 2፣ ቀኑን 12 ብዬ ሞላሁ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ስለነበር ሰዓቱን 10 አልኩት። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ እኔ የአሰላ ሰው ነኝ። ድሮኑ ምንም ሳይል ተቀበለ። ካርዱም አመነ።

ሃያ ደቂቃ አበረርኩት። እንደተለማማጅ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው እያመላለስኩ፣ አንዴም ከቆርቆሮው ጋር ላጋጨው ስል ለጥቂት ተርፎ አወረድኩት። ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ያየሁትን ልናገር።

አንደኛ፣ ጥላው በሙሉ ወደ ምዕራብ ወድቋል። ከሰዓት በኋላ ጥላ ወደ ምሥራቅ ነው የሚወድቀው፤ ለዚህ መሐላ አያስፈልገኝም። ሁለተኛ፣ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ዝጓል። ያንን ቆርቆሮ ያስቀየርኩት በ2013 ነው። ሦስተኛ፣ ዕለቱ ማክሰኞ ሆኖ ሳለ ከአጥሩ ባሻገር ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። አራተኛ፣ ባለቤቴ ፀዳለ ግቢው መሀል ቆማ ለዶሮዎቿ ጥሬ ትበትናለች። ፀዳለ ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏታል።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። በፈረንጅ 2017፣ ሁለተኛው ወር፣ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በእኛ የካቲት 5 ቀን 2009 ነው። እሑድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ሁሉም ነገር ገጠመ። ሂሳቤ ከገጠመ በኋላ ምስሉን እንደገና ከፍቼ ፀዳለን አየኋት። ደስ አለኝ። ሌላ ምን ይባላል?

ዶሮዎቹ ጭልፊት የመጣ መስሏቸው ተበተኑ። ፀዳለ ቀና አለች። ከዚያ ከፍታ ፊቷ ከባቄላ አይበልጥም፤ በእጇ ፀሐዩን ከልላ ወደ ላይ ስትመለከት ግን ይታያል። ወደ ቤቱ ዞራ ተጣራች። አንድ ሰውዬ በካናቴራ ወጣ። መነጽር አላደረገም። "የለም" ለማለት የሚበቃ ጊዜ ያህል ሰማዩን አየና እጁን አወናጭፎ ተመልሶ ገባ።

ሰውዬው እኔ ነኝ።

ያንን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። "ና እስቲ አንተ፣ ላያችን ላይ የሚጮህ ነገር አለ" ነበር ያለችኝ። ምንም የለም አልኳት። "አለ እኮ፣ ዶሮዎቹም ሰምተዋል" አለች። በማግስቱ ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ጆሮዋ ላይ ምንም አልተገኘም፤ እኔ ስነዘንዛቸው ጊዜ ጠብታና ጥጥ ሰጡን። ከዚያም ለጎረቤቱ ሁሉ "የሚስቴ ጆሮ ውስጥ ጄኔሬተር ተተክሏል" እያልኩ አሳቅኩባት። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ድምፁ አንስታልኝ አታውቅም። በሳምንቱ እሑድ ገብስ ስትቆላ አገኘኋትና ለማን እንደሆነ ብጠይቃት "ዕቃ ለላከ ሰው" ብላ መለሰችልኝ። ፀዳለ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ የማታውቅ ሴት ስለነበረች ነገሬም አላልኩት። በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ አረፈች።

ጆሮዋ ደህና ነበር። የምትሰማው እኔን ነው። ይህን ሳውቅ አፈርኩ፤ ብቻዬን ሆኜ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ረቡዕ ሁለተኛውን በረራ አበረርኩ። ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም አልነበረም፤ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል። በእነሱ ዘንድ ሰኞ ነው፣ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዶሮ ቀረጽኩ።

ሐሙስ የመቀየሪያው የመጨረሻ ቀን ስለነበር ካርዱን በኪሴ ይዤ ኑሪያ ዘንድ ሄድኩ።

"ባለቤቴን አየኋት" አልኳት።

"ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ነው የሞሉት፣ ጋሽ ግዛቸው?"

"በእኛ።"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ልቀይርልዎት?"

"ሲሞላ አጥፍቼ እንደገና ብቀርጽበትስ?"

"ካጠፉት በኋላ እንደማንኛውም ካርድ ነው። አንዴ ነው የሚያምነው።"

"ሌላ እንዲህ ያለ የለሽም?"

"መምጣት ካቆመ ቆየ። እሱ የመጨረሻው ነው።" ፈጣኑን ካርድ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ይሄን ቢወስዱ ግን ልጅዎ ቤቱን ጥርት ብሎ ታየዋለች።"

ካርዱን አገላብጬ አየሁት። ጥሩ ካርድ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ያለው አንድ የውሃ ታንከርና አንድ ወንበር ነው፤ ጥርት ቢልም ባይልም ያው ነው። አልቀይርም አልኳት። እሷም ካርዱን ወደ ቦታው መለሰችው።

ዓርብ ሦስተኛውን አበረርኩ። ዝቅ ብዬ፣ ፀዳለ ጥሬ ስትበትን ካየሁበት ቦታ በላይ አምስት ሜትር ያህል ላይ አቆምኩት። ምስሉን ስከፍተው ልክ ከሥሩ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር አናቷን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ሹሩባዋ በቀጥታ መስመር የተከፈለ ነው፤ እኔ ራሴ ገመድ ወጥሬ ብቀይሰው ከዚያ አይቀናም። ግራ ጆሮዋ ላይ ጥጥ አለ። ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች፤ ከዚያ ወደ ቤቱ በር ዞረች፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ሳትጣራ ዘጋችው። ጥጡን በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋችና መሬት መሬቱን እያየች ቆመች። የቀረው ዐሥራ ሁለት ደቂቃ በሙሉ እንደዚያው ነው።

አንድ በረራ ቀረኝ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልጄ በስልክ "አባዬ፣ ቪዲዮው የታለ?" ስትለኝ የመጀመሪያውን ላኩላት። የደረሳት ግን የዛሬው ባዶ ግቢ ነው። "ቆንጆ ነው፣ ግን ወንበሩን ለምን ፀሐይ ላይ ትተወዋለህ?" አለችኝ።

የደረስኩበት ይህ ነው፦ ድምፁ ከደረሳት ድሮኑም ይደርሳታል፤ ድሮኑ ከደረሳት የተሸከመውም ይደርሳታል። ከደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቀደድኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ፀዳለ፣ ድምፁ አለ። ጆሮሽ ደህና ነው። የምጮኸው እኔ ነኝ። ያን ቀን መነጽሬን አላደረግኩም ነበር፣ ይቅር በይኝ። ግዛቸው።" ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ማልቀሴ ስለማይቀር በዚሁ ተውኩት። ወረቀቱን አጥፌ በመሐረቤ ቋጠርኩና በድሮኑ እግር ላይ አሰርኩት። አስተሳሰሬ የቀያሽ ነው፤ በአንድ እጅ ሲስቡት ይፈታል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ልክ ዐሥር ሰዓት ላይ አስነሳሁት። አንዴ ከፍ አድርጌ እንድትሰማው አስጮኽኩትና ቀስ ብዬ ግቢው መሀል፣ ፊቱን ወደ ቤቱ በር አዙሬ አሳረፍኩት። ሞተሩን አጠፋሁ። ካሜራው መቅረጹን አላቋረጠም። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንድ ወፍ መጣችና ሄደች። መሐረቡ አልተነቃነቀም። ካርዱ ሞላ ሲለኝ ድሮኑን ከነቋጠሮው አንስቼ ወደ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቋጠሮውን ልፈታው አልፈለግኩም። የተመለሰ ደብዳቤ መክፈት ደስ አይልም።

ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ።

መጀመሪያ የታዩት እግሮቿ ናቸው፤ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማዋን አድርጋለች። ሁለት እርምጃ መጥታ ቆመች። ዙሪያውን ዞረች። ከዚያ ቁጭ አለችና ፊቷ ምስሉን ሞላው። ያንን ፊት እንዲህ በቅርብ ካየሁት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አልፈራችም። እጇ ከካሜራው ጎን ገባና መሐረቡን ይዞ ወጣ። ወረቀቱን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ወደ ቤቱ በር፣ ከዚያ ወደ ድሮኑ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቤቱ በር አየች።

ከዚያ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ ለዶሮዎቹ ወረወረችላቸው፣ ተነሳችና መሐረቡን እንደያዘች ወደ ቤት ገባች።

ዐሥራ አንድ ደቂቃ ማንም አልታየም። አንዲት ዶሮ መጥታ ካሜራውን አየችው። ከቤት ውስጥ የእኔ ድምፅ አንድ ነገር ሲጠይቅ፣ የእሷ ድምፅ ሲመልስ ይሰማል። ከዚያ እግሮቿ ተመለሱ። ቁጭ አለች፣ እጇ እንደገና ከካሜራው ጎን ገባ፣ ጥቂት ቆየ። ሲወጣ ባዶ ነበር። ጎንበስ ብላ ካሜራው ውስጥ አየች። እኔን ያየችኝ ይመስል ነበር። እዚያ ላይ ካርዱ ሞልቶ ምስሉ አለቀ።

ቀና ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። መሐረቡ ድሮኑ እግር ላይ እንዳሰርኩት አለ። አስተሳሰሩ ግን የእኔ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ተጠላልፎ ጠብቋል፣ በአንድ እጅ የሚፈታ አይደለም። በጥርሴ እያገዝኩ ፈታሁት። ወረቀቱ የለም። ውስጡ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ አለ። መዳፌ ላይ አፈሰስኩት።

ቆሎው ገና ትኩስ ነበር።