ጠብታ ያደረጉት ይቅደሙ

ኢንጂነሩ ይሉታል። ማዕረጉን ማንም አልሰጠውም፤ ራሱ ጀመረው፣ ሰው ተከተለው። በአርባ ሦስት ዓመቱ ስድስት ወር ኮድ መጻፍ ተማረና፣ እሱ እንደሚያወራው ከሆነ ኮምፒውተር ሲያየው ከመቀመጫው ይነሣለታል።

የዓይን ክሊኒኩ ዋና ነርስ ታላቅ እህቱ ናት። የተራ ደብተሩ ተቀዳዶ ሲያልቅ፣ ለሐኪሙ «ወንድሜ በኮምፒውተር ይሠራልናል» አለቻቸው። ሐኪሙ ብዙ አይናገሩም። «ይሞከር። በመጀመሪያው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ካምታታ ግን ወደ ደብተራችን እንመለሳለን። አንቺም ሁለተኛ ዘመድ አታምጪብኝ።» በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ቃሏ መሬት ወድቆ አያውቅም። አሁን ግን ቃሏ የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ላይ ተንጠልጥሏል።

እሑድ ዕለት ቤቷ ተቀምጦ ደረቱን ነፍቶ አስረድቷት ነበር። «ሦስት ቦታ ነው የምከፍለው እታለም። ሞዴል የሚባለው የበሽተኛውን መዝገብና የተራውን ደንብ ይይዛል። ቪው ለሰው የሚታየው ገጽ ነው፤ አንዱ ለካርድ ክፍል፣ አንዱ ለግድግዳው ስክሪን። ኮንትሮለሩ መሃል ቆሞ ያቀባብላል።»

«የዓይን ጠብታ ያደረገ፣ መድኃኒቱ ሳይለቀው ይቅደም የሚለውን ደንባችንንስ ቪው አያውቅም?»

«ቪው ምን አገባው? ያሳይ፣ አርፎ ይቀመጥ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ካርድ ክፍሉ ጥግ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የካርድ ሠራተኛዋ ከስክሪኗ አንብባ «ሰባት ቁጥር» ብላ ተጣራች። ያኔውኑ መቆያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ በራ። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌና ዣንጥላ የያዙ እማማ የሐኪሙ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጠሙ።

«ወንድሜ፣ ተራው የኔ ነው» አሉ እማማ።

«እኔ በምን አውቄ እህቴ? ጠብታው ዓይኔን ጋርዶታል። ግድግዳው ጠርቶሃል አሉኝ፣ መጣሁ።»

«እኔን የጠራኝ ሰው ነው። እዚህ ቤት ሰው ነው የሚበልጥ ግድግዳ?»

መቆያ ክፍሉ ሳቀ። ኢንጂነሩን ላብ ወረደው ማለት ያንሳል፤ ጎርፍ ነው፣ ከነወንበሩ ሊወስደው ምንም አልቀረው። እህቱ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኔትወርኩ ነው።»

«ኔትወርክ ተራ ያውቃል? ግድግዳው ጠብታ ያደረገውን ያስቀድማል፣ የካርድ ክፍሉ ባመጣጥ ይደረድራል። ደንቡን የት ነው ያስቀመጥከው?»

«የግድግዳው ገጽ ላይ» አለ። «ቸኮልኩ።»

«ያሳይ፣ አርፎ ይቀመጥ ያልከው ላይ?»

«እሱው ላይ።»

«በስንት ደቂቃ ታስተካክለዋለህ?»

«በሁለት…»

«ወንድሜ።»

«በሃያ።»

«እስከዚያ በአፌ እጠራለሁ» ብላ ወጣችና ጠብታ ያደረጉትን ሽማግሌ አስቀደመች። ኢንጂነሩ ደንቡን ከግድግዳው ገጽ ቆርጦ ሞዴሉ ውስጥ አስገባ። ሁለቱም ገጾች ዝርዝሩን ከዚያው ከአንዱ ቦታ እንዲያገኙ ኮንትሮለሩን አስተካከለ። ሲከፍተው ሁለቱም ስክሪኖች ነጭ ሆኑ። አንድ ቅንፍ ረስቶ ነበር፤ መልሶ እስኪያገኛት አንድ ዘመን አልፎ ሌላ ገባ። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ግድግዳውም ካርድ ክፍሉም እኩል አሥራ አራት አሉ፤ ጠብታ ያደረገ ሰው ነው።

ሐኪሙ ብቅ ያሉት ይሄኔ ነው። «እንዴት ነው? አምታታ?»

እህቱ አፏን ስትከፍት ኢንጂነሩ ቀደማት። የቤቱን ድመት ነብር ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። «አንዴ አምታትቷል ዶክተር። ሁለት ሰው በር ላይ አጋጭቷል። ደንቡን ያለቦታው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሷ እሑድ ጠይቃኝ ነበር።» ዛሬ ግን ምንም ሳይጨምር ነው የተናገረው።

ሐኪሙ እህቱን አዩ፣ እሱን አዩ። «እንዳልኩት ደብተሩ ይምጣ። ኮምፒውተሩም አይጥፋ፣ ጎን ለጎን ይሂዱ። እስከ ዓርብ ከደብተሩ ካልተለየ ያን ጊዜ እናየዋለን።»

እህቱ አዲስ ደብተር አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ካርዶቹን አይታ የሚቀጥለውን ተረኛ ቁጥር ጻፈች፤ ከስክሪኑ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ዓይኗ መጀመሪያ ወደ ስክሪኑ ሲሄድ ኢንጂነሩ ያዛት።

«እታለም፣ አትይው።»

«ምን ቸገረህ? እስካሁን ልክ ነው እኮ።»

«ልክ ካልሆነስ? ከሱ ከቀዳሽ ማን ስህተቴን ይይዘዋል?»

ቀና ብላ አየችው፤ ይሄ አፍ ያው የወንድሟ አፍ መሆኑን የተጠራጠረች መሰለች። ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው አዞረና እጆቹን ጭኑ ሥር ቀበራቸው። እሷ ካርዶቹን አገላበጠች፤ ጠብታ ያደረገ ሌላ አልቀረም። ጻፈች።

«አዙረው።»

እጁ ወዲያው እሺ አላለውም።

«አዙረው እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

አዞረው። ደብተሩ ላይ ሰባት፣ ስክሪኑ ላይ ሰባት። የመቆያ ክፍሉ ግድግዳም በራ። እማማ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ተስማማችሁ?» አሉ ሲያልፉ።

ኢንጂነሩ ላፕቶፑን ለሚቀጥለው ተራ መልሶ ወደ ግድግዳው እያዞረ ነበር። ዓርብ ሦስት ቀን ይቀረዋል።