ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም

ትጊ ፎቶ ቤታችን የመጣችው ሐሙስ ነው። ሰላም ሳትለኝ ተቀመጠች።

«እሁድ ሶፕራኖዎቹ ፎቶ አንነሳም» አለች።

«ለምን?»

«ለምን ትላለች ደግሞ።»

አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። አምና የቤተክርስቲያናችንን ኳየር ፎቶ ያነሳው ባለቤቴ ኖላዊ ነው። በትልቁ ታትሞ ቤተክርስቲያን በሩ ጋ ተሰቀለ። መሃሉ ጥርት ያለ ነው። በቀኝ ወንዶቹ አሉ፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። በግራ ሶፕራኖዎቹ፣ በቀጭን ድምፅ የሚዘምሩት ሴቶች፣ አሉ፤ ፊት የላቸውም። አፍንጫ ከጉንጭ አይለይም። የትጊ እናት «ልጄ ይቺ ናት» ብለው ጣታቸውን የሌላ ሰው ልጅ ላይ አሳረፉ። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ ቤዞቹ፣ ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን «ጭጋጎቹ» ነው የሚሏቸው።

ኖላዊ ከጓዳ ሆኖ «ተንቀሳቅሳችሁ ነዋ» አለ።

«ሁላችንም? አንዴ? ወንዶቹ ምሰሶ ናቸው?»

«ሴት ፎቶ ልትነሳ ስትል ነጠላዋን ታስተካክላለች። ስንት ዓመት አየሁ።»

ትጊ ተነሳች። «ሩቲ፣ ወይ በቀኝ እንቆማለን ወይ አንመጣም። ለጋሽ ተገኝ ንገሪልን።»

ብነግራቸውም ዋጋ የለውም። ጋሽ ተገኝ ኳየሩን ካቋቋሙ ጀምሮ ሶፕራኖ በግራ ነው። ፎቶም ሲነሱ እንደሚዘምሩት ነው የሚቆሙት፣ ያውም እየዘመሩ። ዘንድሮ ደግሞ ኳየሩን ለሌላ ያስረክባሉ። የእሁዱ ፎቶ አዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ሴቶቹ ካልቆሙ ሰውየው በግማሽ ኳየር ሊሰናበቱ ነው።

እኔ ሌንሱን ነው የጠረጠርኩት። ቤታችን የሚመጣው ሰው ለጉርድ ፎቶ ነው፤ ለጉርድ ደግሞ መሃሉ ይበቃል። ጫፉን ማን አይቶት ያውቃል?

ኖላዊ ሌንሱን በባትሪ አየው። «ንጹህ ነው። አቧራ የለውም።»

«አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም።»

«ይወጣል።»

«አይወጣም አልኩህ።»

ወረቀት ቀደድኩ፣ በምራቄ አርሼ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። አነሳሁት ኖላዊን። ፎቶው ላይ ወረቀት የለም። አቧራ ሲጠርግ ነው የኖረው፣ ምስኪን።

አርብ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ መንገድ ዳር ወጣሁ። ከፊታችን የእትዬ አረጋሽ የቆርቆሮ አጥር አለ። ረጅም ነው፣ ከጫፍ ጫፍ መስመር በመስመር። ሌንስ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ነገር ጂንካ ውስጥ የለም።

እትዬ አረጋሽ ወጡ።

«ምንድነው የምታነሺው?»

«አጥሩን።»

«የኔን አጥር?»

«አዎ።»

«ቱሪስት ለፎቶ በሚከፍልበት ዱስ ሄደሽ ፍየል እንኳ በነፃ ታነሻለሽ? የኔ ቆርቆሮ በነፃ ነው?»

«እርስዎንም አነሳዎታለሁ እትዬ።»

«መቼ?»

«ሌንሱ ሲድን።»

«ታሟል እንዴ?»

አንድ አነሳሁ። አጎልቼ አየሁት። የግራው ጫፍ ደብዝዟል። አገኘሁት አልኩ። ወዲያው ግን የቀኙም ጫፍ ደብዝዞ አየሁት።

«ይኸው» አለ ኖላዊ። «ሁለቱም ጫፍ። ንፋስ ነው ካሜራውን የነቀነቀው።»

«መሃሉን ንፋስ አልነካውም?»

ካሜራውን ገለበጥኩት። ቁልቁል አድርጌ አሰርኩት። ጥፋቱ የአጥሩ ከሆነ እዚያው አጥሩ ላይ ይቀራል። የሌንሱ ከሆነ አብሮ ይገለበጣል። ደግሜ አነሳሁ።

የአጥሩ ግራ ጠራ። ምስማሩ ሁሉ ታየ። የነበረው ብዥታ ወደ ቀኝ ሄዷል። ቀኙ ደግሞ ድሮም የራሱ ችግር ነበረው። ተሻግሬ በእጄ ዳሰስኩት፤ የእትዬ አረጋሽ በሬ ሲታከክበት ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስለራቀ ነው የደበዘዘው። አንዱ ጥፋት የበሬው፣ አንዱ የሌንሱ።

«ኖላዊ፣ ና እየው። አጥሩም ነጠላውን ሊያስተካክል ነው የተንቀሳቀሰው?»

አየው። ጭንቅላቱን አከከ። «ትከፍቺዋለሽ?»

«እከፍተዋለሁ።»

«ብታበላሺውስ?»

«ከዚህ በላይ?»

ቅዳሜ ከፈትኩት። መጀመሪያ ደንበኛ መጣ፣ ጉርድ አነሳሁት፣ ሄደ። የፊተኛውን መስታወት ቀለበት የሚይዘው ብሎን የለም፤ በፍትጊያ ነው የሚዞረው። የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቆርጬ፣ ጫንኩበት፣ አዞርኩት። እምቢ አለ። ደገምኩት። ተፈታ።

ከስሩ መስታወቱን ዙሪያውን የያዙት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ላልቷል። መስታወቱ በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል፣ በዓይን በማይታይ። ይሄው ነው። ሴቶቹን ዓመት ሙሉ ያሰደበው ይሄ ነው።

«ወድቆ አያውቅም» አለ ኖላዊ።

«ጠየቅኩህ?»

ብሎኑን ባጠብቀው መስታወቱ ጭራሽ ተጋደመ። ከስሩ የሚደግፈው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። የክኒን ማሸጊያ ብርማ ወረቀቱን ላጥኩ፣ አጥፌ ከስሩ አስገባሁ። ገጠምኩ። ሮጬ መንገድ ዳር ወጣሁ፣ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። በሬው ያበላሸውን ትቼ ትራይፖዱን ወደ ደህናው አጥር ፊት ለፊት ወሰድኩት፣ አነሳሁ።

ግራው ጠራ። ቀኙ ጠፋ።

«አሁን ደግሞ ወንዶቹን ጭጋግ አደረግሻቸው» አለ ኖላዊ።

«ይቅመሷት።»

ግን ልክ አይደለም። በዝቷል። ፈታሁት፣ ያጠፍኩትን ዘረጋሁ፣ ነጠላ አድርጌ መለስኩት። ሮጥኩ። አነሳሁ። አሁን ግራው ትንሽ ይቀረዋል። መብራት የለም፤ የካሜራው ባትሪ ወደ ማለቁ ነው፤ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም። ፀሐይዋም ከአጥሩ ላይ ልትወርድ ነው። እንዲህ ቸኩዬ አላውቅም፣ በሰርጌም ቀን።

«ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ነገር አለ እኮ» አለ ኖላዊ። «ጥጉም ጨለም ይላል።»

«ተወው።»

«እንዴት ይተዋል?»

«ማን ነው ፎቶ ላይ ጥጉን የሚያይ? ሰው የሚፈልገው ፊቱን ነው። ሁሉንም ልጠግን ካልኩ ለፋሲካም አልደርስም። ካቻቢቴውን አቀብለኝ።»

ብሎኑን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አላላሁት። ወጣሁ። ባትሪው ቀይ ሆኗል።

አነሳሁ። አጎላሁ። ግራ፣ ምስማር። መሃል፣ ምስማር። ቀኝ፣ ምስማር።

«እትዬ አረጋሽ! ይምጡ! ጫፍ ላይ ይቁሙልኝ!»

መጡ። ለካ ቀሚስ ቀይረው ሲጠብቁ ነበር። በግራ ጫፍ አቆምኳቸው። አንድ ብቻ አነሳሁና አሳየኋቸው፤ የጆሮ ጌጣቸው ፍልቅልቅ ይላል።

«ይሄ መስመር ሁሉ ምንድነው?»

«ፊትዎ ነው።»

«አጥፊልኝ።»

ሳላጠፋው ካሜራውን ይዤ ትጊ ቤት በሩጫ። ልብስ እያሰጣች ነበር። አየችው፣ አጎላችው፣ ደግማ አየችው።

«እትዬ አረጋሽ ጫፍ ላይ ናቸው?»

«ጫፍ ላይ።»

«ሌንሱ ነበራ።»

«ሌንሱ ነበር። ነገ ኑ።»

የያዘችውን አንሶላ ጨምቃ ጨረሰች። «ኖላዊ ነው ተንቀሳቀሱ ብሎ ያስወራብን። እሱ ራሱ በኳየሩ ፊት አልተንቀሳቀሱም ይበል። ከዚያ እንቆማለን።»

ለኖላዊ ነገርኩት። እራቱን በላ፣ ተኛ። ሌሊት መብራት ሲመጣ ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩት።

እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ወንዶቹ ቦታቸውን ይዘው ቆሙ። ሌሎቹ ሴቶች፣ አልቶዎቹ፣ መሃል ገቡ። በግራ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። ሶፕራኖዎቹ ማንጎው ስር ናቸው፣ ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል፣ ግን አይነቃነቁም። ጋሽ ተገኝ ባዶውን አግዳሚ ያያሉ፣ ሴቶቹን ያያሉ። ከረባታቸውን ሦስቴ አስተካከሉ መሰለኝ። እኔ ካሜራው ጋ ቆሜ ኖላዊን በክርኔ ጎሰምኩት።

ወደ ፊት ወጣ።

«አምና...» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አምና ሴቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ሌንሱ ነው።»

«አልተሰማም» አለች ትጊ ከማንጎው ስር።

«አልተንቀሳቀሱም! ሌንሱ ነበር የተንጋደደው! ሩቲ ናት ያቃናችው!»

ከቤዞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ጋሽ ተገኝ ዞር ብለው አዩት። ሴቶቹ መጡ። ቀስ ብለው፣ እንደ ሙሽራ። አግዳሚው ላይ ወጡ፣ በግራ፣ በቦታቸው። ጋሽ ተገኝ እጃቸውን አነሱ፣ ኳየሩ ጀመረ። እኔም አነሳሁ።

ሶፕራኖዎቹ ከአግዳሚው ወርደው ከበቡኝ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነው። የግራውን ጫፍ አጎላሁት። ቅንድብ። የጥርስ ፍንጭት። የአንገት ሐብል። «እኔ ነኝ!» «ይቺ እኔ ነኝ!» ይላሉ፤ አንዷ ታለቅሳለች። ትጊ ፊቷን ብቻ ታያለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ቀና አድርጋ።

ጋሽ ተገኝ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል አዩ።

«ትጊ» አሉ።

«አቤት ጋሽዬ።»

«አፍሽ ዝግ ነው።»

«ለፎቶ ነው እኮ ጋሽዬ። እንዲያምር።»

«ሌላው ሁሉ እየዘመረ ነው። ይታያል እኮ፣ ጥርት ብሎ ይታያል።» እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንደገና!»

ሶፕራኖዎቹ እየተጋፉ ወደ ግራ ሮጡ።